የተራራ ብርድና የጥጥ ቲሸርት

እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መርካቶ ሲኒማ ራስ አጠገብ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። አንዱ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚጣደፈው የክፍለ ሀገር ተጓዥ ነው። ጋቢውን ተከናንቧል፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፤ የሚሄድበትን አገር ብርድ አስቀድሞ ያውቀዋል። ሌላው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የበዛው ነው። ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ተከራይቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተመሳሳይ ቲሸርት ለብሶ፣ አንድ ሊትር ውኃና አንድ እሽግ ብስኩት ይዞ ተራራ ሊወጣ የሚጠባበቅ ወጣት ነው። «ሃይኪንግ» ነው የሚሉት፤ ስሙ ከነልማዱ ተለምዷል።

ልማዱ ጥሩ ነው። በዚህ ዓምድ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በተጻፈ ቁጥር «ተንቀሳቀሱ፣ በእግር ሂዱ» ሳንል ያለፍንበት ጊዜ የለም። ዛሬ የማነሣው ግን እኔም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት ቲሸርት ቆሜ የተማርኩትን ነገር ነው።

ጊዜው ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። የሰፈር ልጆችና የሥራ ባልደረቦች ተቀላቅለን አሥራ ሁለት ሆንን። በዋዜማው እዚያው መርካቶ ገብተን አሥራ ሁለት የጥጥ ቲሸርት ገዛን፤ ደረቱ ላይም አሳተምንበት። የምንሄደው ሩቅ አልነበረም። ወጨጫ ከከተማችን በስተምዕራብ ቆማ ከብዙ ሰፈር የምትታይ፣ በመናገሻ ከተማ በኩል ቢሄዱባት ጧት ወጥተው ማታ የሚመለሱባት ተራራ ናት። ጧት ሰማዩ ፈካ ብሎ ስለነበር ጃኬትና ጃንጥላ ያመጡትም «ይከብዳል» ብለው መኪናው ውስጥ ተዉት። ነሐሴን አምነን ማለት ነው።

አቀበቱ አስላበን። ቲሸርቱ ጀርባችን ላይ ተጣበቀ፤ ማንም ቁብ አልሰጠውም። ወደ ጫፉ ስንቃረብ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ደመናው ከላይ ሳይሆን ከጎን መጣብን። መጀመሪያ ጉም፣ ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፣ ከሁሉም የባሰው ግን ነፋሱ ነበር። የመጣንበት መንገድ ጭቃ ውስጥ ጠፋ። ግማሾቻችን በአንድ በኩል፣ ግማሾቻችን በሌላ በኩል ወረድን።

ከእኔ ጋር ከነበሩት አንዷ በጨዋታዋ የምትታወቅ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ተንዘፈዘፈች፤ ሁላችንም እየተንዘፈዘፍን ስለነበር ማንም ለይቶ አላያትም። ቀጥላ ዝም አለች። «ደክሟት ነው» አልን። ወደኋላ መቅረት ጀመረች፣ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ስልክሽ የት ነው ስንላት ምላሷ እየተሳሰረ የማይገናኝ ነገር መለሰች። አንዱ ጓደኛችን በትንሽ ጠርሙስ ካቲካላ ይዞ ኖሮ «ያሞቅሻል» ብሎ ሁለት ጊዜ አስጎነጫት። እኔ ደግሞ እጇን ይዤ በኃይል አሸሁ። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጧ ተወ። «ተሻላት» ብለን ተደሰትን። ከዚያ «ሞቀኝ» አለችና የደረብንላትን ሹራብ ለማውለቅ መታገል ያዘች። ሳቅን። ከዚያ ቀን ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው።

ያተረፋት ከብት ጠባቂ ልጅ ነው። ከሩቅ አይቶን አፏጨ፤ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ ሮጠ። እናቱ መጡ፣ አንድ ጎረምሳ አስከትለው። ልጅቷን ተሸክመን ቤታቸው ስናደርሳት እኔ በቀጥታ ወደ ምድጃው ልወስዳት ነበር። «ወዲህ፣ ወዲህ ልጄ፣ እሳቱ ይቆይ» ብለው ከለከሉኝ። ወንዶቹን አስወጡን። እርጥቡን ልብስ ከላይዋ ገፈው፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ በደረቅ ጋቢና በብርድ ልብስ ጠቀለሏት፤ ከመካከላችን አንዷን ሴት ልጅ አጠገቧ አስተኙ። ዓይኗን ገልጣ መዋጥ መቻሏን ካዩ በኋላ ስኳር የበዛበት ትኩስ ወተት በትንሽ በትንሹ ሰጧት። ጓደኛችን ጠርሙሱን ሲያወጣ ምን እንዳሉት አሁን መጻፍ አይመችም፤ ጠርሙሱ ግን ወደ ኪሱ ተመለሰ። ረዘም ካለ ጊዜ በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ስትጀምር እኛ ደነገጥን። እሳቸው ግን «እሰይ!» አሉ።

ለምን እሰይ እንዳሉ የገባኝ በኋላ፣ ስለ ጉዳዩ ሳነብና ሐኪሞች ስጠይቅ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በብርድ የማናሳብበው ሕመም የለም። ወገባችንን ሲያመን «ብርድ መታኝ»፣ ሆዳችን ሲነፋ «ብርድ ገባብኝ» እንላለን። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት አምስት ሰው ይጮህበታል። ጉንፋን ግን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ እንዲያውም የታፈነ ታክሲ ለጉንፋንም ለሳንባ ነቀርሳም የተመቸ ነው። ይህን ሁሉ የማያደርገውን በብርድ ላይ እየጫንን፣ ብርድ በእርግጥ የሚያደርገውን፣ ጤነኛ ወጣት በሰዓታት ውስጥ መግደል መቻሉን፣ አናውቅም። ሕክምናው ሃይፖተርሚያ ይለዋል፤ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መውረድ ማለት ነው።

ጤነኛ ሰውነት ውስጡን 37 ዲግሪ አካባቢ ለመጠበቅ ይተጋል። ብርድ ሲበረታ መጀመሪያ የቆዳን የደም ሥሮች ያጠባል፤ ደሙን ከእጅና ከእግር ሰብስቦ ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ያሸሻል። ጣታችን የሚቆፍነን፣ ክብሪት መጫር፣ ዚፕ መሳብ የሚያቅተን ለዚህ ነው። ቀጥሎ ጡንቻዎች ይንቀጠቀጣሉ። መንቀጥቀጥ በሽታ ሳይሆን ምድጃ ነው፤ ሰውነት በእረፍት ጊዜ ከሚያመነጨው ሙቀት እስከ አምስት እጥፍ ሊያመነጭ ይችላል። ምድጃው ግን ማገዶ ይፈልጋል። ማገዶው ደግሞ የበላነው ምግብ ነው። በብስኩት ስድስት ሰዓት የወጣ ሰው ማገዶው ቶሎ ያልቅበታል።

የውስጥ ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ሲጠጋና ከዚያም ሲያልፍ መንቀጥቀጡ እየደከመ ይቆማል። ያኔ ነው እኛ «ተሻላት» ያልነው። ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይሰናከላል፣ ማመዛዘን ይጠፋል። አንዳንዱ ሰው ጭራሽ ይሞቀዋል፤ ደሙን ከቆዳ አርቀው ይዘው የቆዩት የደም ሥሮች ይዝሉና ይለቁታል፣ የተረፈው ሙቅ ደም ወደ ቆዳ ይጎርፋል፣ ሰውየው በብርድ እየሞተ ልብሱን ያወልቃል። በየአገሩ በበረዶ ተራሮች ላይ ልብሳቸውን አውልቀው ሞተው የተገኙ ሰዎች አሉ። ከ28 ዲግሪ በታች ደግሞ ሰው ራሱን ይስታል፤ ልብም በትንሽ መናወጥ ምቷ ሊዛባ ይችላል።

«ይህ የአውሮፓ ነገር ነው፣ እኛ አገር በረዶ ግግር የለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገር ግን ብርድ ለመግደል ከዜሮ በታች መውረድ አያስፈልገውም። አምስትና አሥር ዲግሪ ላይ ዝናብና ነፋስ ከተገናኙ በቂ ነው። ውኃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ነው፤ እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰውም ላይ ነፋሱ ያለማቋረጥ ሙቀቱን ይገፈዋል።

ከፍታውን ደግሞ አስቡት። አየር በየ1 ሺህ ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። መርካቶ ራሷ ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር ላይ ነው ያለችው። እንጦጦና ወጨጫ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ናቸው፤ በመንዝ የጓሳ ጥብቅ ቦታ ከዚያም ይበልጣል። ራስ ደጀን፣ እኛ ትምህርት ቤት 4 ሺህ 620 ሜትር ብለን የሸመደድነው፣ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ዝቅ ብሎ ቢገኝም ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ነው። ሲኒማ ራስ ላይ 15 ዲግሪ ከሆነ እዚያ ጫፍ ላይ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ነው ማለት ነው፤ ያውም ነፋሱ ሳይታሰብ። ከኅዳር እስከ ጥር በስሜንና በባሌ ተራሮች ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጧት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ደረቁ ወቅት ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ዝናብ ስለሌለው እንጂ ብርድ ስለሌለው አይደለም።

ጥንካሬም አያድንም። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ግዛት፣ ባይዪን ከተማ አቅራቢያ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ተካሂዶ ነበር። 172 ሯጮች ተነሡ፤ አብዛኞቹ በቁምጣና በስስ ቲሸርት። እኩለ ቀን ገደማ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነፋስ፣ በረዶና ቀዝቃዛ ዝናብ በአንድ ላይ ወረደባቸው። ሃያ አንድ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል በአገሪቱ ስመ ጥር የሆነ የረጅም ርቀት ሯጭ ይገኝበታል። ነፋስ መከላከያ ጃኬት መያዝ ይመከር ነበር እንጂ ግዴታ አልነበረም። ዡ ኬሚንግ የተባለ በግ ጠባቂ ከዝናቡ ሊጠለል ዋሻ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ስድስት ሯጮችን እየጎተተ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አተረፋቸው። ይህን ዜና ስሰማ ያ የወጨጫ ልጅ ፉጨት ጆሮዬ ላይ መጣ።

እንግዲህ ምልክቱን እንዴት እንለየው? ሐኪም ባልሆነ ሰው ዘንድ ከቴርሞሜትር ይልቅ ዓይንና ጆሮ ይሻላል። እንዲያውም ብዙው የተለመደ ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። ተጫዋች የነበረ ሰው ዝም ሲል፣ ቀልጣፋ የነበረ ሲሰናከል፣ ቁልፉን መቆለፍ ሲያቅተው፣ ሲያጉረመርም፣ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ፣ «ተዉኝ፣ እዚሁ ልቀመጥ» ሲል ብርዱ አንጎሉ ጋ ደርሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ቀላል ፈተና አለ፤ ከ100 ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር፣ ወይም ቀጥ ባለ መስመር ተረከዝና ጣቱን እያገናኘ እንዲራመድ ጠይቁት። የሚንቀጠቀጥና በትክክል የሚመልስ ሰው ገና ጅምሩ ላይ ነው፤ በቀላሉ ይመለሳል። መንቀጥቀጡ ቆሞ የሚቀባዥር ሰው ግን በሞት አፋፍ ላይ ነው። ራሱን እንዲመረምር አትጠብቁ። ብርድ መጀመሪያ የሚወስደው ማመዛዘንን ስለሆነ ተጎጂው «ደህና ነኝ» ማለቱ ዋጋ የለውም።

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ከነፋስ ማስጠለል ነው። ቤት ከሌለ ቋጥኝ ጀርባ፣ ቁጥቋጦ ሥር። መሬቱ ከአየሩ ባልተናነሰ ሙቀት ይመጥጣልና ከሥር የሚነጠፍ ነገር ያስፈልጋል፤ ቦርሳ፣ ገመድ፣ ደረቅ ሣር፣ ቅጠል፣ የተገኘው ሁሉ። መጠለያ ሲገኝ እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ማልበስ፣ ራሱንና አንገቱን መሸፈን። ደረቅ ልብስ ከሌለ ከነእርጥቡ በላስቲክ መጠቅለል ከምንም ይሻላል፤ ላስቲኩ ነፋሱንም ትነቱንም ያግዳል፣ ፊቱን ብቻ ክፍት ተዉለት። ሙቀት የሚሰጠው ደረት፣ ብብትና አንገት ላይ እንጂ እጅና እግር ላይ አይደለም። በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ፣ ወይም የሌላ ሰው ገላ ይበቃል። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ አጥሚት፣ በሶ ስጡት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን አንድ ጉንጭ ውኃ እንኳ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ገና እየተንቀጠቀጠ ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል አርፎ፣ በልቶ፣ ሞቆ መራመድ ይችላል። መንቀጥቀጡ የቆመበትን ግን «ተራመድ፣ ይሞቅሃል» አትበሉት። አስተኝታችሁ፣ ሳትንጡት፣ እንደ እንቁላል ይዛችሁ በቃሬዛ አውርዱት።

እኛ ያደረግነው ሁሉ የተገላቢጦሽ ነበር። አረቄ ያሞቃል መባሉ ሐሰት ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ደም ወደ ቆዳ ስለሚመጣ ሙቀት ይሰማናል፣ ያ የተሰማን ሙቀት ግን ከውስጣችን እየወጣ ያለው ነው። እጅን በኃይል ማሸትም እንዲሁ፤ ቆዳን ይጎዳል፣ ከእጅና ከእግር የቀዘቀዘ ደም ወደ ልብ እንዲመለስ ያደርጋል። በአንድ ጊዜ እሳት ላይ መጣድም እንደዚያው፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉ አይሰማውም።

ስለ ከሰል ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ፤ ከብርዱ ባልተናነሰ የሚያስፈራኝ እሱ ነውና። ድንኳን ውስጥ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ከብርድ አምልጦ በሌላ በር ወደ ሞት መግባት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛው ሳይነቃ ይቀራል። «ፍሙ ቀልቷል፣ አይጎዳም» የሚባለው ትልቅ ስሕተት ነው። ከሰል ከቤትም ከድንኳንም ውጪ ይቀጣጠል፤ ስትተኙ አብሯችሁ አይደር።

አሁን ወደ ገበያው ልመለስ፤ መርካቶ ውስጥ ቆሞ «የምለብሰው አጣሁ» ማለት አይቻልምና። የኛ የደጋ ገበሬ ይህን ሳይንስ ከእኛ ቀድሞ በልብሱ ጽፎታል። የመንዝ ሰው በበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይለብሳል፤ በርኖስም ከበግ ጠጉር ነው። እረኛው ለምድ ይደርባል፤ በዝናብ ጊዜ ከሣር የተሠራ ገሳ ከላይ ይጥላል። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት የመያዝ አቅሙን ሙሉ በሙሉ አያጣም። ጥጥ ግን ውኃ መጥጦ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ያቀዘቅዛል። ጋቢ ደረቅ እያለ እንደ እሱ ያለ የለም፤ የረጠበ ጋቢ ግን ሸክም ነው። ስለዚህ ከሸማ ተራ የገዛችሁትን ጋቢ አትተዉት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቦርሳው ውስጥ ለማረፊያ አቆዩት።

ከቆዳ ጋር የሚነካካው ልብስ ፖሊስተር ወይም ሱፍ ይሁን። ሳልባጅ ስትመርጡ ውስጡ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አንብቡ፤ «ኮተን» ከሚለው ይልቅ «ፖሊስተር» ወይም «ዉል» የሚለውን ውሰዱ። ከላዩ የሱፍ ሹራብ ወይም ውስጡ ፀጉራም የሆነ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ልብስ። ጂንስ ሱሪ ለተራራ አይሆንም፤ አንዴ ከረጠበ እዚያው ላይ ሳለ አይደርቅም። ኮፍያ፣ ጓንት፣ መለወጫ ካልሲ። የሚያጓጓው ነገር እነዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ መሆናቸው ነው፤ እኛ ያን ቀን ቲሸርት ላይ ለማሳተም ያወጣነው ሁለት ሰው ጥሩ አድርጎ ያለብስ ነበር። ጃኬት መግዣ ያጠረው እንኳ ሁለት ሜትር ወፍራም ላስቲክ ይያዝ።

ልብሱን ከመያዝ ባሻገር አለባበሱም ዘዴ አለው። አቀበት ሳትጀምሩ አንዱን አውልቁ፣ ላብ እንዳያረጥባችሁ። ቆም ስትሉ ወዲያው ደርቡ፣ ብርዱ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ። ምግቡም የአያቶቻችን ነው፤ ጭኮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ። ሳይርባችሁ በየሰዓቱ ቆንጠር አድርጉ። ፔርሙስ ሙሉ ሻይ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፉጨት የሚያሰማ ፊሽካ። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚደክም ከውስጥ ኪስ ይቀመጥ። በመጨረሻም ሰዓት ቁረጡ፤ ጫፍ ብትደርሱም ባትደርሱም በዚህ ሰዓት እንመለሳለን በሉ። ለቤተሰብም የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ።

ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ ለሚወጡ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። አዲስ አበቤ ከፍታ ለምዷል፤ ነገር ግን ከጎባ በመኪና ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነው የሳነቴ አምባ ላይ የሚደርስ ሰው ሰውነቱ ለመላመድ ጊዜ አያገኝም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። መንገዳገድና መቀባዠር ከመጡ ብርድ ይሁን ከፍታ ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ጠቅልሎ ማሞቅ፣ ከዚያ በቶሎ ወደ ታች ማውረድ ነው። በስሜን ተራሮች ፓርክ ከደባርቅ ሲነሡ አስጎብኚና ጠባቂ የሚመደበው ለወግ አይደለም። እነርሱ «ዛሬ አይሆንም፣ እንመለስ» ሲሉ በገንዘብም በልመናም አትከራከሯቸው።

ተራራ የሚወጣው ደግሞ ወጣት ብቻ አይደለም። መስከረም 21 ግሸን፣ ለገና ላሊበላ የሚሄደው ምእመን ብዙው አዛውንት ነው፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶችም አሉ፤ ውጪ ያድራሉ፣ ጾመው ይሄዳሉ። በእድሜ የገፋ ሰው ብርዱ በደንብ ላይሰማው፣ ላይንቀጠቀጥም ይችላል። ሕፃን ደግሞ ሙቀቱ የሚያልቀው ከአዋቂ ፈጥኖ ነው፤ ልብሱን አስወግዶ ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቆ ከላይ በጋቢ መሸፈን ከማንኛውም ማሞቂያ ይበልጣል። ከወላጆቻችሁ ጋር የምትሄዱ ልጆች፣ «እማዬ ዝም ብላለች፣ ተኝታ ነው» ብላችሁ አትለፉ። አናግሯቸው።

አደጋ ሲደርስ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛሉ። መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ ግን አምቡላንስ አስፋልቱ ድረስ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ያለው መንገድ የእናንተ፣ የገበሬው፣ የበቅሎውና የቃሬዛው ነው። መንገድ ከጠፋባችሁ አትበታተኑ፤ እኛ የተሳሳትነው ያኔ ነው። ራሱን ስቶ የነበረ፣ የተቀባዠረ ወይም መንቀጥቀጡ ቆሞ የነበረ ሰው ቢነቃም ሐኪም ሳያየው ወደ ቤቱ አይግባ።

የቀዘቀዘና የማይንቀሳቀስ ሰው ስታገኙም ለመቅበር አትቸኩሉ። ትንፋሹና የልብ ምቱ እጅግ ስለሚዘገይ ሙሉ አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ መርምሩ፤ ትንፋሽ ከሌለው የልብ ማነቃቂያ እርዳታ የሚያውቅ ሰው ይጀምር፣ ሆስፒታልም ይድረስ። ግንቦት 1991 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ሸርተቴ ላይ ሳለች ከተጋገረ በረዶ ሥር ወንዝ ውስጥ የወደቀችው ስዊድናዊቷ ሐኪም አና ቦገንሆልም የሰውነት ሙቀቷ 13.7 ዲግሪ ደርሶ፣ ልቧ ቆሞ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ ሳይቆርጡ ለሰዓታት አሞቋት፤ ተርፋ ወደ ሕክምና ሥራዋ ተመለሰች።

የኛዋ ልጅ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ታይታ ያለ ጉዳት ወደ ቤቷ ገብታለች። ዛሬም ተራራ ትወጣለች። መኪናው ከሲኒማ ራስ ከመነሣቱ በፊት ግን በር ላይ ቆማ የሁሉንም ቦርሳ ትከፍታለች፤ ጃኬቱን መኪናው ውስጥ ሊተው ያሰበ ካለ ወይ ይለብሳል፣ ወይ ይወርዳል። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ደግሞ ስኳርና ቡና ይዛ ወደ ወጨጫ ትሄዳለች። ያ ከብት ጠባቂ ልጅ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። ባለፈው ዓመት ስንሄድ ሰማዩ ፈካ ብሎ ነበር፤ እናቱ ቀና ብለው አዩና «ከሰባት ሰዓት በፊት ውረዱ» አሉን። ወረድን።